ነርሷ ልጃችሁ ጀርመን ልትሄድ ስትነሳ

የዲቪ ሎተሪ አገራችን ከገባ 30 ዓመት አለፈው። ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር መሄድን እንደ ዕጣ የማየት ልማድ ተጠናውቶናል። «ለእነ እገሌ ልጅ ደረሳት» እንላለን። ያልደረሰው ደግሞ የሚያደርስለት ሰው ይፈልጋል። በሙያ መሄድ ግን ሌላ ነው። ዕጣ የለውም፤ የሚቆጠር የትምህርት ሰዓት፣ የሚሰበሰብ ወረቀትና የሚታለፍ ፈተና ነው ያለው። ይህን ያልለየ ቤተሰብ ገንዘቡን ለደላላ ይሰጥና ለልጁ የሚያስፈልገው ነገር ላይ ሲደርስ እጁ ባዶ ይሆናል።

35 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ በእድርም በለቅሶ ቤትም ሰው የሚይዘኝ በሁለት ጉዳይ ነው። አንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ሌላው «ልጄ ነርስ ናት፤ ጀርመን ሊወስዷት ነው፤ ምን ትያለሽ?» የሚል ነው። ስለ መጀመሪያው ሐኪማችሁን ጠይቁ። ስለ ሁለተኛው ግን የእህቴ ልጅ በዚሁ መንገድ ላይ ስላለችና ወረቀቷን አብሬያት ስለማገላብጥ፣ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ የእህቴ ባል ደወለልኝ። አንድ ሰው ልጅቷን ጀርመን ሆስፒታል አስገባታለሁ ብሏል፤ የሚጠይቀው 600 ሺህ ብር፣ ግማሹ አሁኑኑ። አባትየው ሱሉልታ ያለችውን 140 ካሬ ቦታ ለመሸጥ ገዢ አግኝቷል። «እትዬ፣ ሰውዬው እኮ እዚያም ቢሮ አለው» አለኝ። ቦታዋ የሁለቱም የ20 ዓመት ዕቁብ ናት። ሌላ ጥሪት የላቸውም።

ቀብድ ሳይቀበል ሦስት ነገር ጠይቅልኝ አልኩት። የሚቀጥራት ሆስፒታል ስሙ ማን ነው? ውሉን የሚፈርመው ማን ነው? ጀርመንኛዋስ እስከ የትኛው ደረጃ መድረስ አለበት? ሰውዬው ለሁለቱ «ገንዘቡ ከገባ በኋላ ይነገራችኋል» አለ። ለሦስተኛው የሰጠው መልስ ግን ጉዱን አወጣው፤ «ቋንቋውን እዚያ ስትደርስ ትማራለች» ነበር ያለው። በጀርመንኛ ያልተፈተነ ሰው እዚያ የነርስነት ፈቃድ አያገኝም። ቦታዋ ሳትሸጥ ቀረች።

ወላጆች ብዙም የማይሰሙት አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት የጠናባቸውን አገሮች በዝርዝር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ዝርዝር 55 አገሮች አሉት፤ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ጀርመን ይህን ዝርዝር በሕጓ ውስጥ አስገብታዋለች። በቅጥር ደንቧ አንቀጽ 38 መሠረት፣ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉ አገሮች የጤናና የነርስነት ባለሙያ መመልመልም ሆነ ከቀጣሪ ጋር ማገናኘት የሚችለው የራሷ የፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ ብቻ ነው። ለግል ድርጅት ክልክል ነው፤ የጣሰም ይቀጣል። ስለዚህ «ከጀርመን ሆስፒታሎች ጋር ውል አለን፤ ነርሶችን እንልካለን» የሚል የግል ኤጀንሲ ወይም ደላላ ሲመጣ፣ ያንን ሥራ በዚያው አገር ሕግ መሥራት እንደማይፈቀድለት እወቁ። ባለሙያዋ በራሷ ስም፣ በራሷ ማመልከቻ ሥራ ብትፈልግ ግን የሚከለክላት የለም። የእንግሊዝ አገር መመሪያም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፤ ከእኛ አገር ነርስ መመልመል አይፈቀድም፣ ራሷ ብታመለክት ግን ትችላለች።

በነገራችን ላይ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የገባነው ነርስ ስለሚያንሰን ነው። ተመርቀው ሥራ ያጡ ነርሶች ደግሞ በየሰፈሩ ቁጭ ብለዋል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ለመረዳት 35 ዓመት በዎርድ መሥራቱም አልበቃኝም። የሚሄዱትን ልጆች ግን በዚህ አልወቅስም።

ወጪውን በተመለከተ፣ ለረጅም ጊዜ ቆይታ የሚጠየቀው የጀርመን ቪዛ ክፍያ 75 ዩሮ ነው። ሙያዋን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት የሚያስከፍለው እንደ ግዛቱ ይለያያል። ከዚያ ሰነድ ማስተርጎሚያና የቋንቋ ፈተና አለ። ይህ ሁሉ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ቦታ የሚያሸጥም አይደለም። መረጃው በነፃ ነው። የጀርመን መንግሥት «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» የሚባል ይፋዊ ድረ ገጽ አለው። ውጭ አገር ላሉ አመልካቾች ስለ ሙያ እውቅና ያለ ክፍያ የሚያማክር ቢሮም አቋቁሟል። የእህቴ ልጅ ጥያቄዋን ጽፋ ልካ መልስ ያገኘችው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ገንዘብ ወደ ቋንቋ ይሂድ። የጀርመንኛ ደረጃዎች ከኤ1 ተነስተው ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያሉ ይወጣሉ። ቪዛ ለማግኘት ዝቅ ያለ ደረጃ የሚበቃበት መንገድ አለ፤ እንደ ሙሉ ነርስ ለመሥራት ግን በአብዛኛው የሚጠየቀው ቢ2 ነው። ጎተ ኢንስቲትዩት ከዜሮ ተነስቶ ቢ2 ለመድረስ ከ600 እስከ 800 የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይገምታል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ደብተር አውጥቼ ለአባትየው አሰላሁለት። በሳምንት 10 ሰዓት ብትማር ከ45 እስከ 60 ሳምንት ይፈጃል። ይህ የክፍል ውስጥ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ የምታጠናውና ወድቃ የምትደግመው አልተቆጠረም። የአዳር ተረኛ ለሆነች ልጅ ሁለት ዓመት ብትሉት አልተጋነነም።

እናንተ ወላጆች የምትገቡት እዚህ ላይ ነው። አዳር ሠርታ የገባች ልጅ ከእንቅልፏ ስትነሳ ልብስ እጠቢ፣ እንግዳ አስተናግጂ፣ ክርስትና ቤት ድረሺ ከተባለች ያ 10 ሰዓት ከየት ይመጣል? እህቴ መጀመሪያ ላይ «ስልክ ይዛ ነው የምትውለው» ትል ነበር። ልጅቷ በስልኳ ጀርመንኛ እየሰማች ነበር። አሁን ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቴሌቪዥን አይከፈትም። አባትየውም ዜናውን በሬዲዮ ይሰማል፤ ሲያጉረመርም ብትሰሙት ያስቃችኋል። የቢ1ና የቢ2 ፈተና አራት ክፍል አለው፤ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር። እያንዳንዱን ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 60 ያስፈልጋል። በአንዱ ብትወድቅ ያንን ብቻ መድገም ትችላለች። ስለዚህ «ወደቀች» ሲባል ቤቱ ለቅሶ ቤት አይሁን። የእኛዋ ቢ1ን ስትፈተን መጻፍ ላይ 54 አመጣች፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግማ አለፈች።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚደናቀፈው እዚህ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ልጅ ብዙ ጊዜ እጇ ላይ ያለው ቴምፖ ነው። ዋናው ዲግሪ የሚሰጣት የወጪ መጋራት ዕዳዋን ከፍላ ክሊራንስ ስታመጣ ነው። ይህን ዛሬውኑ ጀምሩ። ከዚያ ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት እያለ ይቀጥላል። ሁሉም ወረፋ አለው።

ስሟን በየወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ዲግሪው እስከ አያት ይጽፋል፣ የሙያ ፈቃዱ እስከ አባት። አያትየው ፀሐዬ ከሆኑ አንዱ ወረቀት በእንግሊዝኛ ሲጽፋቸው በ«ቲ» ይጀምራል፣ ሌላው በ«ኤስ»። እኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው፤ የጀርመን ጸሐፊ ሲያየው ሁለት ሰው ነው።

የልደት ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። የእህቴ ልጅ የተወለደችው ጥር 5 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ፓስፖርቷ ጃንዋሪ 13 ቀን 1996 ይላል፤ የልደት ምስክር ወረቀቷ ጃንዋሪ 14። ትክክሉ 14 ነው። ለምን ብትሉ፣ የ1987 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች፣ ከ1988 መስከረም እስከ የካቲት ድረስ የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር ልዩነት በአንድ ቀን ይገፋል። ብዙ ጸሐፊ ይህን ረስቶ እንደ ሌላው ዓመት ይቆጥራል። በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም እስከ የካቲት አጋማሽ ድረስ የተወለደ ልጅ ያላችሁ ወረቀታችሁን አውጡና እዩ። የአንድ ቀን ልዩነት ናት፤ ለማስተካከል ግን አራት ወር ፈጅታብናለች።

ከሁሉም ያስቸገረን የኮሌጁ ደብዳቤ ነው። የጀርመኑ መሥሪያ ቤት የሚያወዳድረው የእኛን ሥልጠና ከራሳቸው የሦስት ዓመት ሥልጠና ጋር ነው። ስለዚህ በክፍል ስንት ሰዓት ተማረች፣ በተግባር ስንት ሰዓት ሠራች፣ በየትኛው ዎርድ የሚለውን ይፈልጋል። የእኛ ስቱደንት ኮፒ ግን ክሬዲት እንጂ ሰዓት አይጽፍም። ሬጅስትራሩ ሰዓቱን ዘርዝሮ፣ ማኅተም አድርጎ እንዲጽፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ የሠለጠነችበትም እንዳልሠለጠነችበት ይቆጠራል። ልጅቷ ሥራ ላይ ስለሆነች የሚመላለሰው አባትየው ነው። ጡረተኛ አባት ለዚህ ዓይነት ሥራ የተፈጠረ ነው ብል ቅር አይበላችሁ፤ ጊዜ አለው፣ ሽበቱም ይታይለታል።

ወረቀቱ ተመርምሮ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ «ሙሉ በሙሉ ተቀብለናል» አይልም። ይህ ጎድሏል፣ ያ ጎድሏል ብሎ ይዘረዝራል። ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ አለ፤ እዚያ ሄዶ የማሟያ ሥልጠና መውሰድ ወይም የዕውቀት ፈተና መፈተን። ይህ ውድቀት አይደለም፤ የአብዛኛው ሰው መንገድ ነው። እስኪያልቅ ድረስ ግን የምትሠራው በረዳትነት ነው፤ ደመወዟም የረዳት ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በጀርመን የአረጋውያን እንክብካቤ የረዳት ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 16 ዩሮ ከ10 ሳንቲም ነው፤ የሙሉ ነርስ 20 ዩሮ ከ50። ይህን በብር አባዝቶ መደነቅ ቀላል ነው። ግብር፣ የጡረታና የጤና መድን መዋጮ ተደምረው ላላገባች ሠራተኛ ከደመወዟ አንድ ሦስተኛ ገደማ ከእጇ ሳይገባ ይቀራል። ከቀሪው የቤት ኪራይ አለ። ስለዚህ «በሄደች በሦስተኛው ወር የወንድሟን ሠርግ ትደግሳለች» ብላችሁ ቀን የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ ቀኑን አራዝሙት። ልጅቷም ከመሄዷ በፊት በመጀመሪያው ዓመት ምን ያህል መላክ እንደምትችልና እንደማትችል ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እኛ ቤት ይህ ንግግር ከሁሉም ከባዱ ነበር፤ እህቴ አንድ ሳምንት አኩርፋለች።

ስለ ሥራው ራሱ ማንም አይነግራቸውም። በእኛ ዎርድ በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ መድኃኒት ሊገዛ የሚሮጠው አስታማሚው ነው። ነርሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ግሉኮስ ትሰካለች፣ 30 እና 40 ሰው ትጠብቃለች። ጀርመን ውስጥ አልጋ አጠገብ የሚያድር አስታማሚ የለም። ገላ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማብላት፣ ዳይፐር መቀየር የነርሷና የረዳቷ ነው። መርፌ ሰክቶ መስመር መክፈት ደግሞ በብዙ ሆስፒታል ሐኪሙ የሚሠራው ነው። በዲግሪ የተመረቀች፣ ዎርድ የመራች ልጅ በሄደች በሁለተኛው ቀን ሽማግሌ ስታጥብ «ለዚህ ነው የተማርኩት?» ብላ ማልቀሷን ከአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ልጅ ሰምቻለሁ። እኔ ግን የነርስነት መጀመሪያው ይኸው ነው ባይ ነኝ፤ እኛ ዎርድ ሰው በዝቶብን ለአስታማሚ ተውነው እንጂ።

ስለዚህ የእህቴን ልጅ በአያቷ አለማመድኳት። የአባቷ እናት 86 ዓመታቸው ነው፤ ከወደቁ ወዲህ ከአልጋ የሚነሱት በሰው ነው። አልጋ ላይ ሳሉ እንዴት እንደሚታጠቡ፣ አንሶላው በሥራቸው እንዴት እንደሚቀየር፣ በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደሚገላበጡ፣ ተረከዛቸው እንዳይቆስል ከሥሩ ምን እንደሚደረግ አሳየኋት። እሷም እያጠበች የምትሠራውን ሁሉ በጀርመንኛ ትናገራለች። እማማ አንድ ቀን «ይህን ልትሠሪ ነው ያን ያህል አገር የምትሄጂው? የዚያ አገር ሽማግሌ ልጅ የለውም ወይ?» አሏት። ልጅማ አላቸው። ልጆቹ ግን ሥራ ይውላሉ፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለእርጅና እንክብካቤ ራሱን የቻለ የመድን መዋጮ ከሠራተኛው ይሰበስባል። እማማ ይህን ስነግራቸው «እንግዲያ እኔን ማን ሊያገላብጠኝ ነው?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ከቪዛው በፊት መልስ ይፈልጋል። በየቤታችሁ ነርስ የሆነችው ልጅ የአያቷን ስኳር የምትለካ፣ የአባቷን መድኃኒት የምታስታውስ፣ ሌሊት የምትነሳ ናት። ስትሄድ የምትተወውን ሥራ አንድ በአንድ ጻፉትና ማን ምን እንደሚይዝ ተከፋፈሉት። የእኛዎቹ ታናሽ ወንድሟን መርጠዋል። እሱም ከእህቱ ስር ሆኖ ማገላበጥ ለምዷል። መጀመሪያ አፈረ፤ አሁን ጎበዝ ሆኗል።

ወላጅ ተከትሎ ይሄድ እንደሆነም ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠለጠነ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው ወላጆቹን የሚያመጣበት ሕግ ወጥቷል። ይህ የሚመጣው ግን የሙያ እውቅናዋን ጨርሳ ዋናውን ፈቃድ ከያዘች በኋላ ነው፤ ኑሮአቸውንና የጤና መድናቸውን መሸፈን እንደምትችል ማሳየትም አለባት። በእኛ ዕድሜ የጤና መድን ዋጋው ውድ ነው። እንደ ቅርብ ተስፋ አትያዙት።

አሁን ልጅቷ ቢ2 ጀምራለች። አባትየው ሐሙስ ሐሙስ ሬጅስትራር ይሄዳል። የሱሉልታዋም ቦታ እዚያው አለች።

ልጨርስ ስል አንድ ትንሽ ነገር ትዝ አለኝ፤ እሷም የክትባት ካርድ ናት። በጀርመን ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1970 በኋላ የተወለደ የጤና ተቋም ሠራተኛ ኩፍኝ ሁለት ጊዜ መከተቡን ወይም በሽታውን የመከላከል አቅም እንዳለው ማሳየት አለበት። በእኛ አገር ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በመደበኛው ፕሮግራም የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ስለዚህ አሁን 25 እና 30 ዓመት የሆናቸው ልጆች ካርዳቸው ላይ ያለው የዘጠኝ ወሩ አንድ መርፌ ብቻ ነው፤ ያውም ካርዱ ከተገኘ። የእኛዋን ካርድ እህቴ ከሠርግ ልብሷ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር፤ ጠርዙ አይጥ በልቶታል፣ ቀኑ ግን ይነበባል። ሁለተኛዋን መርፌ ባለፈው ወር ተወጋች። እናንተም ሳጥናችሁን ፈትሹ።